በዛብሽና የዕድሩ ድስቶች

ጁባ ያለን አበሾች በዛብሽን የምናውቃት በድስቶቿ ነው። ድስቶቹ ግን የሷ አይደሉም፤ የዕድራችን ናቸው። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳቸው ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ሰሃኖቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና የለቅሶ ድንኳኑ ከቡሉክ ሰፈር ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ ባለው ምግብ ቤቷ ጓሮ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲሞት የዕድሩ ለፋፊ ምንያህል በሞተር ሳይክሉ እየዞረ ይናገራል። በዛብሽ ግን ከሁላችንም በፊት ትሰማለች፤ ድንኳኑ የሚወጣው ከሷ ጓሮ ነውና።

ለጥበቃው የሚከፈላት ነገር የለም። ዕቃ ሲመለስ ሰሃኑን አንድ በአንድ አጥባ፣ የድንኳኑን ሸራ ፀሐይ ላይ ዘርግታ አድርቃ፣ የተቀደደውን በሲባጎ ሰፍታ ታስቀምጣለች። ባለቤቴ ሰናይት ያረፈች ጊዜ በዛብሽ እስከ ሰልስቱ ከድስቱ አጠገብ አልተለየችም። የሰናይትን አስከሬን ዕድሩ በአውሮፕላን ወደ አገሯ ልኮልኛል። እኔ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር ጠግኜ የምኖር ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ቢሆን አልችለውም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ውለታ ጠፍቶብኝ አይደለም።

በዛብሽ ወደ ጁባ የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው። መጀመሪያ በአንድ ሆቴል ሰሃን አጣቢ ነበረች። ከዚያ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ሆነች። ከዚያ ሞሰስ ከሚባል የአገሩ ተወላጅ ባዶ ቦታ ተከራይታ፣ ቀርከሃ አቁማ፣ ጭቃ መርጋ፣ ቆርቆሮ አልብሳ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። ከኋላው ደግሞ ማደሪያዋ ነበረች። ውላቸው እዚህ አገር የተለመደው ዓይነት ነው፤ መሬቱ የሞሰስ፣ ቤቱ የበዛብሽ። ቤቱ ቆሞ ኪራይ እስከተከፈለ ድረስ የሚያስነሳት የለም። ቤት ከሌለ ግን ቦታው ባዶ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ለፈለገው ይሰጣል።

ባለፈው ዓመት ወንዙ ሞልቶ ወጣ። ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ ነበርና ሰው ሁሉ አይቶታል። ሆኖም ድምፅ ማጉያ የያዙ ሰዎች "ውጡ!" ብለው የመጡት ውሃው የበዛብሽ ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። አንድ የጭነት መኪና አምጥተዋል። ለእያንዳንዱ ቤት የተወሰነ ቦታ ብቻ ተብሏል፤ መኪናው ሁለተኛ አይመለስም።

በዛብሽ ቀሚሷን ወደ ላይ ጠቅልላ ድስት ማውጣት ጀመረች።

ጎረቤቷ ኛንዴንግ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ ናት። በስደት ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አገሯ ነፃ ሲወጣ የተመለሰች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከኛ የሚለይ አይደለም። የራሷን ፍራሽ መኪናው ላይ ወርውራ ስትመለስ በዛብሽን አየቻትና ጮኸች።

"እትዬ በዛ! ፍሪጁን አውጪ እንጂ! ድስት ምን ያደርግልሻል?"

"ፍሪጁ የኔ ነው።"

"እኮ! ያንቺ ስለሆነ ነዋ!"

"የኔ ከሆነ ማንም አይጠይቀኝም። ይሄ የሰው አደራ ነው። ይልቅ በዚያ በኩል ያዢልኝ።"

"ወይ አበሾች!" አለች ኛንዴንግ የድስቱን ጆሮ እየያዘች። "ሬሳ ሳይኖር ድስት የሚያሸሽ ሰው ያየሁት እናንተ ዘንድ ብቻ ነው።"

መኪናው ሲሄድ የዕድሩ ዕቃ በሙሉ ላዩ ላይ ነበር። የበዛብሽ ፍሪጅ፣ አልጋዋ፣ የከሰል ምድጃዎቿና አንድ ጆንያ ጤፏ እዚያው ቀሩ።

ሰዎቹ ከከተማው ዳር ያለ ሜዳ ላይ አራገፏቸው። በማግስቱ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የመጣ ወጣት የመጠለያ ላስቲክ ማደል ጀመረ። በዛብሽ ተራዋ ሲደርስ፣

"ዜጋ ነሽ?" አላት።

"አይደለሁም።"

"የተመዘገብሽ ስደተኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ምግብ ቤት አለኝ። ነበረኝ።"

"እንግዲያ ላንቺ የመጣ ነገር የለም፣ ማማ። ማለሽ።" በጁባ ዓረብኛ ይቅርታ ማለቱ ነው።

"ውሃው ሲመጣ እኮ ዜጋ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም" አለችው። ወጣቱ ራሱን ነቅንቆ ቀጣዩን ጠራ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የተሰጠው ትእዛዝ ግን ክፉ ነው፤ ያወጣውን ሰው ባውቅ ፊት ለፊት እነግረው ነበር።

ስለዚህ ከኛንዴንግ ላስቲክ ሥር ተጠግታ ከረመች። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። ላስቲኩ ለኛንዴንግ ልጆችም አልበቃም፤ የበዛብሽ እግር ውጭ ነው። ሰባ ሰው የሚያስቀምጠው ድንኳናችን ደግሞ አጠገቧ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል።

"ለምን አትተክዪውም?" አልኳት።

"ሠርፀ፣ ምን ነካህ? ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን ይተከላል? ሟርት ነው!"

ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ አብሬያት ሄድኩ። የጭቃው ግድግዳ ሟሙቶ መሬት ሆኗል። ቆርቆሮው የለም፤ ውሃ ይውሰደው ሰው አይታወቅም። ፍሪጁ በጀርባው ተጋድሞ አሸዋ ሞልቶታል። በዛብሽ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ አየችና መልሳ ዘጋችው። እንደ ልማዷ፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ይመስል።

ሞሰስ እዚያው አገኘን። ረጅም፣ ኮፍያ የማይለየው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ማለሽ፣ ማማ" አላት። "አንድ የጠጠር ነጋዴ ቦታውን ለማራገፊያ ይፈልገዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ካቆምሽ ቦታው ያንቺ ነው። ካላቆምሽ እሰጠዋለሁ። የኔም ቤት ፈርሷል፤ ልጆቼ ወንድሜ ዘንድ ናቸው።"

በሱ አልፈርድበትም። ድሃ ድሃን ሲያስጨንቅ የሚውልበት እንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ቀርከሃውን ኛንዴንግ ከዘመዶቿ እንደምታመጣ ተናገረች። ጭቃው እዚያው አለ፤ ከሚበቃው በላይ። የቀረው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ካስተም ገበያ፣ ከጋሽ ግዛው መጋዘን ነው። ጋሽ ግዛው የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። በዛብሽ በሆቴሉ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ወጧን ሲበሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዋጋ ይቀንሱልኛል ብላ በሙሉ ልብ ነው የሄደችው፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

የነገሯት ዋጋ ከጎርፉ በፊት ከነበረው እጥፍ ነው።

"መንገዱ ነው፣ በዛዬ" አሏት በሐዘኔታ። "የኡጋንዳ መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይሰነብታል። ዶላሩም አይያዝም። እኔ ምን ላድርግ?"

በዛብሽ ጣቷን ከላይኛው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈችና ጎተተችው። ጣቷ የሄደበት መስመር አበራ። ቆርቆሮው ላይ የነበረው የበጋ አቧራ ነው፤ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ገብቶ የተከመረ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ጋሽ ግዛውም አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ያ ቆርቆሮ የገባው መንገዱ ሳይበላሽ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ስብሰባ ነበር። በዛብሽ ተነስታ ለመኖሪያዋ ክዳን የሚሆን እርዳታ ጠየቀች። ብድርም ቢሆን እቀበላለሁ አለች።

ጋሽ ግዛው መነጽራቸውን አድርገው ከመተዳደሪያ ደንቡ አነበቡልን። ዕድሩ የተቋቋመው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ በሞት ሲለይ ለመረዳዳት ነው። "ደንብ ነው፣ እህቴ" አሉ። "ዛሬ ለቤት ከሰጠን ነገ ለሱቅ፣ ከነገ ወዲያ ለመኪና እንጠየቃለን። አንቺ ደግሞ ተመስገን ነው፤ በሕይወት ተርፈሻል።"

"ብሞትስ?"

"ኧረ ክፉ አታውሪ!"

"ብሞት እኮ ነው የምልዎ፣ ጋሽ ግዛው። ምን ታደርጉልኛላችሁ?"

"እንደ ማንኛውም አባል በክብር እንሸኝሻለን።"

"በአውሮፕላን?"

"በአውሮፕላን።"

"የአውሮፕላኑን ሩብ አሁን ስጡኝና ስሞት እዚሁ ቅበሩኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በዛብሽ አልሳቀችም። እኔና ጥቂት ሰዎች ደንብ በሰው ይወጣል፣ በሰው ይሻሻላል ብለን ተከራከርን። እጅ ተቆጠረ፤ ተሸነፍን። በዛብሽም ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሰብስባ አጠበች። የስብሰባ ብርጭቆ የምታጥበውም እሷው ናትና።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የጠጠር ነጋዴው መኪና የሚመጣበት ቀን ጠዋት በዛብሽ ምንያህልን አስጠራችው። ሲደርስ ድንኳኑ ከፈረሰው ቤቷ ላይ ተተክሏል። እሷና ኛንዴንግ ካስማውን ሲመቱ ነጋ።

"ማን ሞተ?" አለ ምንያህል ከሞተሩ ሳይወርድ።

"ቤቴ።"

"እ?"

"ቤቴ ሞቷል። ሂድና እንዲሁ ብለህ ተናገር። ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ።"

"እትዬ በዛብሽ፣ ጋሽ ግዛው ከሥራዬ ያባርሩኛል!"

"የሚከፍሉህ ነገር አለ እንዴ?"

ምንያህል ሞተሩን አስነስቶ ሄደ፤ እንዳለችውም ተናገረ። "የበዛብሽ ቤት ሞቷል። ድንኳን ተተክሏል።" ሰው መጣ። አንዳንዱ ሊስቅ መጣ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ መጣ፣ አንዳንዱ በለቅሶ የቀረ ይቀጣል የሚለውን ደንብ ፈርቶ መጣ። ሲገቡ በዛብሽን ጥቁር ለብሳ ከፈረሰው ግድግዳ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኟት። የሳቀም አልነበረም። ሰው ድንኳን ውስጥ ሲገባ አፉ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ማለት ለምዷል፤ አሉ። ኛንዴንግ ንፍሮ እያዞረች በጎን በኩል፣ "ብሉ፣ ብሉ፤ ሟቹ ደግ ነበር፣ ስንቱን አብልቷል" ትላለች።

ጠጠር የጫነው መኪና ሞሰስን ከፊት አስቀምጦ ደረሰ። ሞሰስ ድንኳኑንና ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አይቶ ወረደ።

"ቢካ ዴ ታ ሙኑ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የማን ለቅሶ ነው ማለቱ ነው። መልስ ሳይጠብቅ ኮፍያውን አውልቆ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ ኛንዴንግ በዓረብኛ ነገረችው። ሞሰስ የቆመውን የጓሮ በር መቃን፣ የተጋደመውን ፍሪጅ፣ በዛብሽን አየ።

"ለቤት ለቅሶ እንደሚቀመጡ ባውቅ" አለ፣ "እኔም ለእኔ ቤት እቀመጥ ነበር።" ከዚያ ሾፌሩን፣ "ተመለስ" አለው። "የለቅሶ ድንኳን ካለበት ቦታ ጠጠር አላራግፍም። ድንኳኑ ሲነሳ ትመጣለህ።"

ጋሽ ግዛው መጨረሻ ላይ መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሮ።

"ይሄ በሙታን መቀለድ ነው! የዕድር ንብረት ያለ ፈቃድ!"

"ይቀመጡ፣ ጋሽ ግዛው" አለች በዛብሽ ከምንጣፏ ሳትነሳ። "ለቅሶ ቤት ቆመው አይናገሩም።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ተቀመጡ። ኛንዴንግ ንፍሮ ጨመረችላቸው።

ድንኳኑ በሰልስቱ መነሳት ነበረበት፤ በዛብሽ አላነሳችውም። ከሥሩ ቀርከሃ ቆመ፣ ማገር ታሰረ፣ ጭቃ ተመረገ። ዝናቡ ገና ስላላበቃ ጭቃው የሚደርቀው ድንኳኑ ከላይ ከጋረደው ብቻ ነው። እኔ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ጭቃ ረገጥኩ፤ ምንያህልም ውሃ አመላለሰ። ከጋሽ ግዛው በየቀኑ "ድንኳኑ ይመለስ" የሚል መልእክት ይመጣል። በዛብሽ አንብባ ስልኩን ወደ ጡቷ ሥር ትመልሰዋለች።

ግድግዳው ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ብስራት ሞተ። ብስራት ካስተም አጠገብ ባለ ሆቴል አስተናጋጅ የነበረ ወጣት ነው። ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለ፤ ጎርፉ የበከለው ውሃ ያመጣው። ያን ሰሞን እንዲህ ያለ በሽታ ብዙ ሰው ወሰደ፤ ውሃ አጣሩ ብሎ በድምፅ ማጉያ የዞረ ግን አላየሁም።

ምንያህል እንዴት እንደሚነግራት እየተጨነቀ በዛብሽ ዘንድ ሲደርስ ካስማ ስትነቅል አገኛት። ሰምታለች።

"ጭቃው እኮ አልደረቀም" አላት።

"ብስራትስ ይጠብቀኛል?"

ድንኳኑን ጠቅልለው፣ ድስቶቹን ጭነው ብስራት ይኖርበት ወደነበረው ማላኪያ አመጡ። በዛብሽ እሳት አንድዳ ሽንኩርት መክተፍ እንደጀመረች ዝናብ ወረደ። ድስቱን እያማሰለች አንዴ ወደ ቡሉክ በኩል ቀና ብላ አየች። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም። ጋሽ ግዛው ለብስራት ከልባቸው አለቀሱ፤ ይህን መካድ አልችልም። አስከሬኑን በአውሮፕላን ሸኘነው። የከፈልነውን ድምር አልጽፈውም። በዛብሽ ለክዳን የጠየቀችው ግን ሩቡንም አይሞላም ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ዕቃውን በፒክአፕ ጭነን እንደ ልማዳችን ወደ በዛብሽ ቦታ ወሰድነው። ጋሽ ግዛውም አብረውን መጡ። ስንደርስ በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ወድቋል። ሌሎቹ ቆመዋል፤ ክዳን የለም። ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ሞሰስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ድንኳኑ መነሳቱን ሰምቷል።

ፒክአፑ ላይ ያለው የዕድር ዕቃ ዝናብ ሊመታው ነው። "የት እናስገባው?" አሉ ጋሽ ግዛው።

"ቤቱ ይኸው" አለች በዛብሽ። "የት እንዲገባ ይፈልጋሉ?"

አንዱ ሆቴሌ ቦታ የለውም አለ። ሌላው ሱቄ ጠባብ ነው አለ። የጋሽ ግዛው መጋዘን ቆርቆሮ ሞልቶታል። እንግዲህ አባላቱ ሁሉ ስለ ድስቶቹና ስለ ድንኳኑ ከልባቸው ሲጨነቁ አየሁ። ሸራው ይበሰብሳል፣ ብረቱ ይዝጋል እየተባለ ተጮኸ። በዛብሽ በእርጥብ ቀሚሷ መሀላቸው ቆማለች።

ጋሽ ግዛው ድንገት ፊታቸው በራ።

"ቆዩ! የዕድር ንብረት ማስቀመጫ ማሠራት እኮ በደንቡ ይፈቀዳል! አንቀጽ አለው። ለዕቃው ቤት እንሥራ። በዛብሽ እንደ ጠባቂ ትኖርበታለች። ምን ችግር አለው?"

ተጨበጨበ። አንዳንዱ ሊቀመንበራችን ልበ ሰፊ ነው አለ። በማግስቱ ከጋሽ ግዛው መጋዘን ቆርቆሮው መጣ። ዕድሩ ከፈላቸው፤ በአዲሱ ዋጋ። አቧራው እንዳለ ነበር።

እኔ ያን ቀን ሚስማሩን ሁሉ የመታሁት በንዴት ነው። ለሰው የለም የተባለ ገንዘብ ለድስት ተገኘ። ሴትዮዋ በሕይወት ስላለች ያልተገባት ክዳን ለለቅሶ ዕቃ ተገባው። ሰናይትን የሸኘ ዕድር ነው፤ ከዚህ ዕድር አልወጣም። ግን አባል ሁሉ ይስማኝ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ማፈር ልናውቅ ይገባል።

ክዳኑ ሲያልቅ ሞሰስ ቀና ብሎ አየው፣ ቆርቆሮውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና "ከዊስ፣ ጥሩ ነው፣ ማማ። ቦታው ያንቺ ነው" ብሎ ሄደ።

ጋሽ ግዛው ደግሞ ከኪሳቸው አዲስ ቁልፍ አወጡ፤ በሩ ላይ ገጠሙት።

"መክፈቻው እኔ ዘንድ ይሆናል" አሉ። "የዕድር ንብረት ስላለበት። ስትፈልጊ ትደውዪልኛለሽ።"

በዛብሽ እጇን ዘረጋች።

"ይስጡኝ።"

"በዛዬ፣ ደንብ..."

"ደንቡ ሰው ሲሞት ኑ ይላል። ሰው ሲሞት ኑ። አንኳኩ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ እከፍታለሁ። ሳልከፍት ቀርቼ አውቃለሁ?"

"አይ፣ እሱማ..."

"ድስቶቹን ከውሃ ያወጣሁ እኔ ነኝ፣ ጋሽ ግዛው። በኔ ቤት እንግዶች ናቸው። የቤቴን ቁልፍ ይስጡኝ።"

እጇ እንደተዘረጋ ቆየ። ጋሽ ግዛው ወደኛ ዞሩ፤ ከወገናቸው የቆመ አላገኙም። ኛንዴንግ፣ "ስጧት ጋሼ፣ እጇ ደከመ" አለች። ሰጧት።

በዛብሽ መክፈቻውን ማተቧ ላይ አስራ ወደ አንገቷ መለሰችው። አመሰግናለሁ አላለችም። ወደ ውስጥ ገባችና መሀል ቤት ተደርድረው የነበሩትን ድስቶች አንድ በአንድ እየገፋች ወደ ጥግ አስጠጋቻቸው። ከዚያ ኛንዴንግን ጠርታ ከጎርፉ ጭቃ ያወጡትን አልጋዋን መሀል ላይ አስቀመጡት።